ደብዳቤ የሌለበት ፖስታ፦ ስለ መታሰቢያ ቴምብሮች አሰባሰብ

ቴምብር መሰብሰብ ለተማሪ የሚጠቅም የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ተደጋግሞ ይነገራል። ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ ታሪክ ያስተምራል፣ ትዕግሥትን ያለማምዳል ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የትኛው ዓይነት አሰባሰብ ምን እንደሚያስተምር ለይቶ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። በትምህርት ቤት የቴምብር ክበቦች የሚደነቀውና የሚሸለመው ስብስብ፣ በተለይም ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ ማለትም ከ1940ዎቹና ከ1950ዎቹ የመጣው፣ እንደ እኔ አስተያየት ከማስተማር ይልቅ መታየትን የሚወድ ሆኗል። ለምን እንዲህ እንደምል ለመምህራንም ለተማሪዎችም ላስረዳ። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስጽፍ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ፖስታ ቤት ዘወትር የሚሸጠው ቴምብር መደበኛ ይባላል። መታሰቢያ ቴምብር የሚባለው ደግሞ አንድን ሰው፣ አንድን ድል ወይም አንድን በዓል ለማስታወስ ለተወሰነ ጊዜ የሚታተመው ነው። የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ማለት መታሰቢያው ለሽያጭ በቀረበበት በዚያው ዕለት ቴምብሩ ተለጥፎበት የዕለቱ ማኅተም የተመታበት ኤንቨሎፕ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ከበዓሉ ጋር የሚስማማ ሥዕል ይታተምበታል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ በ1923 ሞተው የመታሰቢያ ቴምብር ሲወጣላቸው፣ ጆርጅ ሊን የተባለ አሳታሚ የኀዘን ጽሑፍ ያተመበት ፖስታ አዘጋጅቶ ነበርና የዚህ ልማድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጀመራል። ከ1937 ወዲህ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ራሱ «የመጀመሪያው ቀን» የሚል ቃል በማኅተሙ ላይ ያስገባ ጀመር። በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ነገሩ የለየለት ንግድ ሆነ። ሥዕል የሚያትሙ ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፣ ፖስታው ታትሞ፣ ተለጥፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ የገበያ ሕግ አለ፤ ተማሪዎች ልብ እንዲሉት እወዳለሁ። የአንድ ቀን፣ የአንድ ዓይነት ሁለት ፖስታዎች ቢቀርቡና በአንደኛው ላይ የተቀባይ ስምና አድራሻ ተጽፎበት ሌላው ባዶ ቢሆን፣ ገበያው ይበልጥ የሚከፍለው ለባዶው ነው። አድራሻውን በእርሳስ እየጻፉ ፖስታው እንደ ደረሳቸው በላጲስ የሚያጠፉ ሰብሳቢዎች የነበሩትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ፖስታ ፖስታነቱ ባነሰ መጠን ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው። ለማንም ያልተላከ፣ ከማንም ያልመጣ፣ በውስጡም ጥራዝ ለማድረቅ ከገባ ካርቶን በቀር ምንም የሌለበት ነገር ከእውነተኛ ደብዳቤ ይልቅ ይከበራል። ነጋዴ እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም፤ ንጹሕ ዕቃ በውድ መሸጥ የሥራው ጠባይ ነው። የሚያሳዝነው ይህንኑ ሚዛን ትምህርት ቤት ሲይዘው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የቴምብር ኤግዚቢሽን ሲቀርብ ተገኝቼ ነበር። አንደኛ የወጣው ስብስብ በሚያምር አልበም የተደረደሩ የመጀመሪያ ቀን ፖስታዎችን የያዘ ሲሆን፣ አንድም እጥፋት፣ አንድም የእጅ ጽሕፈት አልነበረበትም። ባለቤቱ ትጉህ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሽልማቱንም አልነፍገውም። ነገር ግን በአዳራሹ ጥግ ሌላ ልጅ የአያቱን ደብዳቤዎች በካርቶን ላይ በክር አስሮ አቅርቦ ነበር። አያትየው በአስመራ ይሠሩ በነበረ ጊዜ ደሴ ለሚኖሩት ወንድማቸው የላኳቸው ናቸው። በአሮጌዎቹ ፖስታዎች ላይ ያለው ቴምብር የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ ስድስተኛን መልክ ይዞ «ቢ. ኤ. ኤርትራ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል በላዩ ታትሞበታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ፌዴሬሽን ምክንያት በ1952 የወጣው የኢትዮጵያ ቴምብር አለ። ቀጥሎ ያለው ተራ የኢትዮጵያ መደበኛ ቴምብር ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ያው ነው። ተቀባዩም ያው ነው፤ «ለክቡር ወንድሜ» የሚለውም አልተለወጠም። በላያቸው የሚገዛው መንግሥት ግን ተለውጧል።

ዳኞቹ ለዚህ ስብስብ ትንሽ ነጥብ ሰጡት። ምክንያታቸው ጫፎቹ ተቀደዋል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ማኅተሙ የቴምብሩን ፊት ሸፍኖታል የሚል ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ለልጁ በቅን ልቡና ምክር ሲሰጠው ሰማሁ፦ ቴምብሮቹን ለብ ባለ ውኃ ነክረህ ብታላቅቃቸውና በአልበም ብትለጥፋቸው ኖሮ ይሻልህ ነበር አለው። ልጁ ምክሩን ፈጽሞት እንደሆነ አላወቅሁም። ቢፈጽመው ኖሮ ግን በእጁ የሚቀሩት በየትም ሱቅ በጥቂት ገንዘብ የሚገኙ ቴምብሮች ናቸው፤ በየትም ሱቅ የማይገኘው ነገር በሳፋው ውስጥ ይቀር ነበር።

ይህን የምለው ለአሮጌ ወረቀት ካለኝ ፍቅር የተነሣ ብቻ አይደለም። መታሰቢያ ቴምብር በመሠረቱ የመንግሥት ንግግር ነው። ማን እንደሚታወስ፣ በምን መልክ እንደሚታወስ፣ ምን እንደሚዘለል የሚወስነው ቴምብሩን የሚያሳትመው መንግሥት ነው። ንግግርን ደግሞ ማድነቅ ብቻ ሳይሆን መመርመር ያስፈልጋል። የታሪክ መምህር ለክፍሉ አዋጅ ሲያነብ አዋጁ የታተመበት ወረቀት ማማሩን አይናገርም፤ ማን አወጀው፣ ለምን አወጀው፣ ምን ሳይል ቀረ ብሎ ይጠይቃል። ቴምብርም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

በጎረቤቶቻችን እንጀምር። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበሩ ጊዜ በአንድ ቴምብር ይጠቀሙ ነበር። በ1948 የእንግሊዙ ንጉሥና የንግሥቲቱ ጋብቻ 25ኛ ዓመት ሲከበር በቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ መታሰቢያ ወጣ። ለእነዚህ ለሦስቱ አገሮች የወጡት ሁለት ናቸው፦ አንዱ የ20 ሳንቲም፣ ሁለተኛው የአንድ ፓውንድ። ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ ሽልንግም 100 ሳንቲም ነበርና ትልቁ የትንሹ መቶ እጥፍ ነው። ተራ ደብዳቤ የሚልክ ሰው የፓውንዱን ቴምብር ምን ያደርገዋል? ሙሉውን ጥንድ መያዝ የሚፈልግ ሰብሳቢ ግን መግዛቱ ግድ ነበር። የሒሳብ መምህር እንኳ ይህን ምሳሌ ሊጠቀምበት ይችላል። በተከታዩ ዓመት የዓለም ፖስታ ኅብረት 75ኛ ዓመት ሲከበር ደግሞ በቅኝ ግዛቶቹ ዘንድ አራት ዓይነት ሥዕሎች ብቻ እየተደጋገሙ ታተሙ፤ ከአፍሪካ እስከ ካሪቢያን የሚለወጠው የአገሩ ስምና የገንዘቡ ዓይነት ነበር። ሰብሳቢዎች ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አሟልቶ መያዝን እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጥሩታል። እኔ ግን ስብስቡን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የራሳቸውን ሥዕል የመምረጥ መብት ያልነበራቸው አገሮች ሰልፍ ነው። ስብስቡ ይህን ካስተማረ እሰየው ነው፤ በአልበሙ ግርጌ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ የቀለሙና የጥርሱ ልክ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ለዚሁ በዓል በ1950 የራሷን ቴምብር ማውጣቷን ጎን ለጎን አቅርቦ ልዩነቱን ማሳየት ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ትምህርት ነው።

ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ያለው በአሜሪካ ነው። በ1940 የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ታዋቂ አሜሪካውያን» በሚል ርዕስ ደራስያንን፣ ገጣሚያንን፣ አስተማሪዎችን፣ የሳይንስ ሰዎችንና ሌሎችንም በአምስት በአምስት እየመደበ ቴምብር አወጣላቸው። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ከባርነት የተወለደው፣ ተስኪጊ የተባለውን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነው። በአሜሪካ ቴምብር ላይ መልኩ የታተመለት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እርሱ ሲሆን፣ ቴምብሩም ሚያዝያ 7 ቀን 1940 በዚያው በተስኪጊ፣ በአላባማ ክፍለ ሀገር ለሽያጭ ቀረበ። የዚያን ዕለት ማኅተም የተመታበት ፖስታ የቱንም ያህል ቢሞገስ ይገባዋል፤ ነገሩ ታላቅ ነበርና። ዋጋውን ግን እንመልከት። በእያንዳንዱ ምድብ የ1፣ የ2፣ የ3፣ የ5 እና የ10 ሴንት ቴምብሮች አሉ፤ የደብዳቤ መላኪያ 3 ሴንት ነበር። ዋሽንግተን የተመደበው በ10 ሴንቱ ላይ ነው። እንግዲህ በየቤቱ የሚገባው ተራ ደብዳቤ የእርሱን መልክ ይዞ አይሄድም ማለት ነው። በተጨማሪም በዚያው ዓመት በአላባማ የጥቁር ልጆችና የነጭ ልጆች በሕግ ተለያይተው ይማሩ ነበር። አስተማሪው በቴምብር ላይ ከነጮቹ አስተማሪዎች ጋር በአንድ ምድብ ሲሰለፍ ተማሪዎቹ በአንድ ክፍል መቀመጥ አይችሉም ነበር። የተስኪጊውን የመጀመሪያ ቀን ፖስታ በአልበሙ የያዘ ተማሪ ይህን ካላወቀ የያዘው ባለ ቀለም ወረቀት ነው።

አሜሪካ ላይ ሳለን ስለ ትርፍ ተስፋም ጥቂት ልበል። አንዳንድ ተማሪዎች የምሳ ገንዘባቸውን አጠራቅመው የዚያን ዘመን መታሰቢያዎች የሚገዙት ወደፊት ይወደዳሉ በሚል ሐሳብ ነው። በ1948 ብቻ ከ25 የሚበልጡ የ3 ሴንት መታሰቢያዎች በአሜሪካ ወጥተዋል። ከእነርሱም አንዱ የዶሮ እርባታ ኢንዱስትሪን መቶኛ ዓመት የሚያከብር ሆኖ ዶሮ ታትሞበት ወጣ፤ ሰብሳቢዎችም እስካሁን ያፌዙበታል። እያንዳንዱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር። ሕዝቡም ይወደዳሉ እያለ በሙሉ ገጽ እየገዛ በመሳቢያ አስቀመጣቸው። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር እንዴት ሊወደድ ይችላል? ከእነዚህ ቴምብሮች ብዙዎቹ ከ70 ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም የሚሸጡት በላያቸው በተጻፈው ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ወጡ። ሰባት ሲሆኑ የታተሙት በፓሪስ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መልክና የይሁዳ አንበሳ ይታይባቸዋል። ሃምሳኛው ዓመት በ1944 ቢሞላም መታሰቢያ ቴምብሮቹ የወጡት በ1947 ነበር። ከመታሰቢያው የምንረዳው አንድ ነገር ነው፦ ኢትዮጵያ ሃምሳ ዓመት የቆየ ፖስታ አላት። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 (ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም.) ነው። ከዚያ በፊት ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር ደብዳቤ የሚልክ ሰው ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ በጅቡቲ በኩል ለሚያልፍበት የፈረንሳዮቹን ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። የምኒልክ ቴምብርና የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፉባቸው ፖስታዎች ዛሬም አሉ። ነጻ መንግሥት ሆኖ ደብዳቤን ያለ ሌላ መንግሥት ቴምብር ከወደብ ማሻገር አለመቻል ምን ማለት እንደሆነ አንድ እንዲህ ያለ የቆሸሸ ፖስታ ከሙሉ የኢዮቤልዩ ስብስብ ይልቅ ያስረዳል። ከዚህም ሌላ በሃምሳው ዓመት ውስጥ የኢጣሊያ ወረራ ዓመታት ይገኛሉ። በ1936 ኢጣሊያኖች በንጉሣቸው መልክ ቴምብር አወጡ፤ በ1938 ደግሞ «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚለው ተተካ። መታሰቢያው ሃምሳ ብሎ ሲቆጥር እነዚህን ዓመታት እንዴት እንደ ቆጠራቸው ለተማሪ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

በዚያው በ1947 ኢትዮጵያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለፍራንክሊን ሩዝቬልት መታሰቢያ ቴምብር አውጥታለች። ሩዝቬልት ራሳቸው የታወቁ ቴምብር ሰብሳቢ ነበሩ፤ ለአገራቸው ቴምብር ንድፍ በእጃቸው እስከ መሞከር ደርሰዋል። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በግብፅ፣ በመራራ ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ ተገናኝተዋል። ቴምብሩ ወዳጅነትን ይናገራል። ተማሪው ግን ከዚህ ጋር አሜሪካ በ1935 የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ ከጦርነቱ መራቋን፣ ሆኖም ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መጠቅለሏን በሕግ አለማወቋን አብሮ ቢያነብ ወዳጅነት የሚለው ቃል ክብደቱም ቅለቱም ይገለጥለታል።

አሁን የአያትየውን ደብዳቤዎች እንደገና እናንሳ። የ1952 የፌዴሬሽን መታሰቢያዎች ወደ ባሕር የሚያወጣ መንገድና የተበጠሰ ሰንሰለት ይታይባቸዋል። ሥዕሉ ኃይለኛ ነው፤ የሠራው ሰው ምን እንደሚል ያውቅ ነበር። ፌዴሬሽኑን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1950 ወሰነ፤ በ1952 ጸና፤ በ1962 ፈረሰ። ከረጅም ጦርነት በኋላም ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ሆነች። ያ የተበጠሰው ሰንሰለት የማን ነበር፣ ወዴትስ የሚወስድ መንገድ ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያን ዘመን በአዲስ አበባ የኖረና በአስመራ የኖረ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም፤ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ተማሪዎችም እንዲሁ። መምህሩ መልሱን መስጠት የለበትም። ንጹሑ የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ለዚህ ውይይት የሚያዋጣው የመንግሥትን ቃል ብቻ ነው። የአያትየው ፖስታ ደግሞ ያ ቃል በተነገረበት ሰሞን አንድ ሠራተኛ ቴምብሩን ምራቁን አስነክቶ ለጥፎ፣ ለወንድሙ ስለ ጤና፣ ስለ እህል ዋጋና ስለ ልጆች ትምህርት የጻፈ መሆኑን ያሳያል። የደሴ መድረሻ ማኅተም በጀርባው ስላለ በስንት ቀን እንደ ደረሰ እንኳ ይቆጠራል።

የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ጭራሽ አይጠቅምም የሚል አስተያየት የለኝም። ቀኑንና ቦታውን ሳያዛባ ይዞ ይቆያል፤ በግራ በኩል ያለው ሥዕልም ያ ዘመን ራሱን እንዴት ማየት ይወድ እንደነበር ያመለክታል። አንድ ተማሪ ለምሳሌ የተስኪጊውን ፖስታ ከላይ፣ በዚያው ዓመት በ3 ሴንት ቴምብር የሄደ ተራ ደብዳቤ ከታች አድርጎ ቢያቀርብ ሁለቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የምቃወመው የመጀመሪያውን ብቻ ስብስብ ብሎ፣ ሁለተኛውን እንደ ቆሻሻ የሚቆጥረውን ዳኝነት ነው። ንጽሕናና ምሉዕነት ከነጥቡ አብዛኛውን የሚወስዱበት የመመዘኛ ወረቀት ገንዘብ ያለውን ተማሪ ከሌለው ለመለየት ካልሆነ በቀር ሌላ የሚለየው ነገር አይታየኝም። የገጠር ተማሪ አዲስ ጥንድ ሊገዛ አይችል ይሆናል፤ በአያቱ ሣጥን ውስጥ ግን ከጅዳ፣ ከካርቱም ወይም ከኤደን የመጣ ፖስታ ሊኖር ይችላል።

ጊዜውም ይጣደፋል። ዛሬ ሰው የሚጽፈው በስልኩ ነው። በቤተሰብ እጅ ያሉት አሮጌ ደብዳቤዎች ቤት ሲፈርስ፣ ሰው ሲሞት፣ ዕቃ ሲጓዝ ይጣላሉ። ክበብ የሚመሩ መምህራን ተማሪዎች ከቤታቸው ፖስታ ሲያመጡ ቴምብሩን እንዳያላቅቁ፣ ማኅተሙንም በመቀስ እንዳይቆርጡ አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው። ከማን ለማን እንደ ተላከ፣ በማን ቤት እንደ ተገኘ፣ ማኅተሙ የሚለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓውያን የሚለውን በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ በፖስታው ላይ አይጻፍበት። ቴፕ አይለጠፍበት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወረቀቱን ያበላሻል። በውስጡ ያለው ደብዳቤ ግን የሰው ምሥጢር ነውና ጸሐፊው ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅዱ በኤግዚቢሽን ሰሌዳ ላይ ሊሰቀል አይገባም። ፖስታውን ብቻ አሳይቶ ደብዳቤውን ለባለቤቱ መመለስ ይቻላል።